የእንጦጦ ጀርባ

በዕረፍት ቀን ወደ እንጦጦ ፓርክ የሚወጣው ሕዝብ አብዛኛው ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ የሚቆም ነው፤ ከእግሩ በታች ተዘርግታ የምትታየውን አዲስ አበባን ቁልቁል እያየ፣ የራሱን ሰፈር በጣቱ እየጠቆመ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ልጆቹን በፈረስ አስዙሮ፣ ብርዱ ሳይጠና ይመለሳል። በዚህ የሚነቀፍ አይደለም፤ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከሚደርስ ተራራ ላይ ሆኖ ርእሰ ከተማን መመልከት ለዓይንም ለኅሊናም ደስ የሚያሰኝ ነገር ነውና። ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ለሕዝብ የተከፈተው ይህ መናፈሻ ስፋቱ 1,300 ሄክታር ያህል ስለሆነ፣ ሰው የሚጋፋበት የቡና ቤቱና የመጫወቻው ስፍራ ከጠቅላላው ጥቂቱን ብቻ የያዘ ነው። ከዚያ አልፎ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ በዛፉ ውስጥ የገባ ሰው ጥቂት እንደ ተራመደ የሰው ድምፅ ይርቀዋል፤ የሚያገኘውም ጸጥታ አንድ ጊዜ ከተማ የነበረ፣ ሕዝቡም ጥሎት የወረደ አገር ጸጥታ ነው። እንጦጦን ሊያውቅ የሚሻ ሰው እንግዲህ ለከተማይቱ ለጥቂት ሰዓት ጀርባውን መስጠት ይኖርበታል።

ዐፄ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ መቀመጫቸውን ከአንኮበር ወደ ልቼ አዛውረው፣ ከዚያም ግዛታቸው ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ በሰፋ መጠን ከተማቸውንም አብረው እያስጠጉ፣ በ1870ዎቹ ዓመታት በእንጦጦ ራስ ላይ ሰፈሩ። ከዚያ ከፍታ ላይ በአራቱም ማዕዘን የሚመጣው ሁሉ አስቀድሞ ስለሚታይ ቦታው ለጦር ሰፈር የተመቸ ነበር፤ በዚያም ላይ ከግራኝ ዘመን በፊት የነበሩ ነገሥታት በዚያ አካባቢ ይከትሙ እንደ ነበር በትውፊት ሲነገር ስለኖረና የጥንት ሕንፃ ፍርስራሽም ስለተገኘ፣ የአባቶቼን ከተማ እንደገና አቀናለሁ የሚል ሐሳብ በንጉሡ ልብ አደረ። ምድሩ ግን ባዶ አልነበረም፤ በተራራው ግርጌና በጀርባው ጉለሌና ሌሎችም የኦሮሞ ጎሳዎች ከብታቸውን እያሰማሩ ይኖሩበት እንደ ነበር የእንጦጦን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ሊዘነጋው አይገባም።

የእንጦጦ ከተማነት ዕድሜው አጭር ቢሆንም እንግዳ አላጣም። በ1879 ዓ.ም. ንጉሡ ሐረርን ይዘው ሲመለሱ፣ ከታጁራ ወደብ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ የመጣ አንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ እንጦጦ ላይ ደጅ ጠንቶ ዕቃውን ካስረከበ በኋላ ያሰበውን ትርፍ ሳያገኝ አዝኖ ተመለሰ። ይህ ሰው አርቱር ራምቦ ይባላል፤ ገና በወጣትነቱ ጽፎ የተዋቸው ግጥሞች በኋላ በዓለም ሁሉ ስመ ጥር አድርገውታል፤ በእንጦጦ ግቢ ግን ስለ ጠመንጃው ዋጋ እንጂ ስለ ቅኔው የጠየቀው ያለ አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም.፣ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም በአቡነ ማቴዎስ እጅ ቅብዐ ንግሥ ተቀብተው ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ ተባሉ። ጊዜው ክፉ ቀን የተባለው ረኀብ አገሩን መውጋት የጀመረበት ነበር። እንጦጦ ከዚህ የበለጠ ክብር አላየችም፤ ዘውዱ በተደፋበት በዚያ ቀን ግን ከፍል ውሃው አጠገብ የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ሦስት ዓመት ያህል ሆኗት፣ መኳንንቱም አንድ በአንድ ወደ ታች ቤት መሥራት ጀምረው ነበር።

የእንጦጦ ማርያምን ባለ ስምንት ማዕዘን ሕንፃ የሚሳለመውና ሙዚየሙን የሚጎበኘው ምእመን ብዙ ነው፤ ከዐጸደ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለውን የምኒልክን አሮጌ ቤተ መንግሥት የሚያይ ግን ጥቂት ነው፤ ያየውም ቶሎ አይቶ ይወጣል፤ ምክንያቱም በዓይነ ኅሊናው ሥሎ የመጣው ወርቅና ዕንቍ በዚያ የለም። ግድግዳው ከድንጋይ፣ ከእንጨትና ጭድ ከገባበት ጭቃ የቆመ፣ በኖራ የተለቀለቀ ነው፤ ክዳኑ ሣር ነው፤ በሩን ሲገቡ ዝቅ ይሏል፤ ውስጡ ከውጭው ይልቅ ጨለም ያለና የሚቀዘቅዝ ነው። በኋላ ዐድዋ ላይ የተዋጋው ንጉሠ ነገሥት በንግሡ ቀን ዘውዱን ጭኖ የተመለሰበት ቤት ይህ መሆኑን የሚያስብ ሰው፣ የዚያን ዘመን ኃይል በግንብ ከፍታ ሳይሆን በሚታዘዘው ሰው ብዛት ይለካ እንደ ነበር ወዲያው ይረዳዋል።

እኔ ግን በዚያ ግቢ ከሁሉ የሚከብደኝ የእቴጌ ጣይቱ ነገር ነው። ባለቤታቸው ለዘመቻ ርቀው ሳሉ በ1879 ዓ.ም. ከፍል ውሃው ዳር ቤት አሠርተው፣ አዲሲቱን ከተማ አዲስ አበባ ብለው ስም ያወጡላት እርሳቸው ናቸው። ከእንጦጦ ብርድ ሕዝቡን ያወረዱ እኒሁ ንግሥት፣ ምኒልክ ታመው አልጋ ላይ በዋሉባቸው ዓመታት ከመንግሥቱ ሥራ በመኳንንቱ ምክር ተገለሉ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲያርፉም ከታላቁ ቤተ መንግሥት ወጥተው ተመልሰው ወደዚሁ ተራራ እንዲወጡ ሆነ። አራት ዓመት ያህል በዚያ ኖሩ። በእነዚያ ዓመታት ልጅ ኢያሱ ሲሻሩ፣ የሰገሌ ጦርነት ሲደረግ፣ የባላቸው ልጅ ዘውዲቱ ሲነግሡ፣ የቤተ መንግሥቱን ጥበብ ሁሉ ከማንም ይልቅ የሚያውቁት እቴጌ ከተራራው ላይ ሆነው ወሬውን ከመስማት በቀር እጃቸውን የሚያስገቡበት መንገድ አልነበራቸውም፤ የቀራቸው ጸሎትና የማርያም ደጅ ነበር። የካቲት 1910 ዓ.ም. እዚያው ዐረፉ፤ በኋላ ዐፅማቸው ወርዶ በበዓታ ከባለቤታቸው አጠገብ ተቀመጠ። በሞት እንኳ ሁለተኛ ጊዜ ከእንጦጦ ወረዱ ማለት ነው። ጎብኚው በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ሲዘዋወር የንግሥ በዓሉን ከማሰብ ይልቅ ይህን የአራት ዓመት ጽሞና ቢያስብ የቦታውን ጠባይ በይበልጥ የሚያገኘው ይመስለኛል።

እንጦጦን ያስለቀቃት ማገዶ ነው። ብርዱም፣ የመብረቁም ብዛት፣ የመንገዱም ቁልቁለት ምክንያት ሆነዋል፤ ነገር ግን ሰው ብርድን በጋቢና በእሳት ይችለዋል፤ እሳቱ ራሱ ሲጠፋ ነው የሚሰደደው። በሺህ የሚቆጠር ጭፍራ፣ አሽከርና ገረድ ያለበት ግቢ በየቀኑ ለእንጀራው፣ ለወጡ፣ ለጠጁ፣ ለሌሊቱ ምድጃ የሚያነደው እንጨት ስንት እንደሚሆን ማንም ሊገምተው ይችላል። መጀመሪያ በግቢው ዙሪያ ያለው ጽድና ወይራ አለቀ፤ ቀጥሎ ከተረተሩ ማዶ ያለው፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሸክም ለማምጣት ግማሽ ቀን መሄድ ግድ ሆነ። ይህ የኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ የቆየ ደዌ ነበረ፤ የነገሥታቱ ከተማ ከስፍራ ስፍራ ይዛወር የነበረው ለዘመቻና ለግብር ብቻ ብለው የሚያስቡ ሊቃውንት፣ የምድጃውን ነገር ቢጨምሩበት ዕውቀታቸው ይሟላል።

ደዌውም ከተማውን ተከትሎ ወረደ። ዐሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላ አዲስ አበባም ማገዶ አጥታ፣ የቤት መሥሪያ እንጨት ከመናገሻ ጫካ ድረስ በሰው ትከሻ የሚመጣባት ሆነች። ዐፄ ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ስፍራ ሌላ ከተማ ለመቆርቈር አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር፤ ስሙንም አዲስ ዓለም አሉት። ያ ሐሳብ ቢፈጸም ኖሮ ዛሬ አዲስ አበባ የምንላት ከተማ እንደ ልቼና እንደ እንጦጦ ሁሉ የእረኛ መዋያ ሆና በቀረች። ቤተ መንግሥት ይሆናል የተባለው ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ የአዲስ ዓለም ማርያም ተባለ፤ አዲስ አበባም በባሕር ዛፍ ተረፈች።

ዛፉን ማን አመጣው በሚለው ነገር ሰው አንድ ቃል አይናገርም፤ ብዙዎች ፈረንሳዊውን ሞንዶን ቪዳዬን ያመሰግናሉ፤ ስዊሳዊውን መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግን የሚጠቅሱም አሉ። ከአውስትራሊያ ምድር የተገኘ መሆኑ፣ በ1880ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ገደማ መግባቱ፣ መንግሥትም ችግኙን በርካሽ በማደልና የተተከለበትን መሬት ከግብር በማቅለል ሕዝቡን ማበረታታቱ ግን የታወቀ ነው። የባሕር ዛፍ ኃይሉ በጉቶው ነው። ጽድ አንዴ ከተቈረጠ አበቃ፤ ባሕር ዛፍ ግን ሲቈርጡት ከጉቶው ዙሪያ አራት አምስት ሆኖ ያቆጠቁጣል፤ የከተማ ሰውም በጥቂት ዓመት ውስጥ ማገሩን፣ ቋሚውን፣ ወራጁን፣ ማገዶውን ከአንድ ሥር እየደጋገመ ይወስዳል። በእንጦጦ ጫካ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚመለከት ሰው ይህን በዓይኑ ያየዋል፤ ከአሮጌው ጉቶ የወጣው ለጋ ቅጠል ክብና ብርማ ሰማያዊ፣ አመድ የተነፋበት የሚመስል ሲሆን፣ ከዚያው ጉቶ የበቀለው የአደገው ግንድ ቅጠል ግን እንደ ማጭድ የተቆለመመና ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ልጅና አባት ፈጽመው የማይመሳሰሉበት ዛፍ ነው። ልጡ በረዥሙ እየተላጠ ይንጠለጠላል፤ ነፋስ ሲመጣ ከግንዱ ጋር እየተጋጨ የሚያሰማው ድምፅ በዚያ ዝምታ ውስጥ ከሩቅ ይሰማል።

ዛሬ ባሕር ዛፍን መንቀፍ የተማረ ሰው ልማድ ሆኗል። ውሃ ይጠጣል፤ ከሥሩ ሣር አያበቅልም፤ ምንጭ ያደርቃል ይሉታል፤ የሚሉትም ሐሰት አይደለም፤ ከዛፉ ሥር ያለውን የተራቆተ ቀይ አፈር፣ ጎርፍ የሸረሸረውን ቦይ ያየ ሁሉ ይመሰክራል። ነገር ግን አንድ ከተማ ለሚሊዮን ሕዝብ እንጀራ ሲያስጋግር የኖረን ዛፍ ካገለገለው በኋላ ብቻ ወንጀለኛ ማድረግ ፍርድ አይደለም። የእኔ አስተያየት፣ ባሕር ዛፍ ባይመጣ የእንጦጦ ጽድና ኮሶ ይድን ነበር ማለት አይቻልም፤ እነርሱ ቀድመው አልቀው ነበርና።

አሁን ወደ ታሪኩ ዋና ሰዎች ደርሰናል፤ እነርሱም በየትኛውም ዜና መዋዕል ውስጥ ስማቸው የማይገኝ እንጨት ለቃሚ ሴቶች ናቸው። ዛፉ በተራራው ላይ፣ ምድጃው በከተማው ውስጥ ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ቁልቁለት የሚያገናኘው የሴት ጀርባ ነበር። በልጅነታችን ከተራራው ግርጌ ወዳለው ሽሮ ሜዳ የወጣን ሁሉ እናውቃቸዋለን፤ ገና ሳይነጋ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ደረቁን ጭራሮና የረገፈውን ቅጠል በመጥረጊያ ሰብስበው፣ ከታች ጭራሮውን ረብርበው ቅጠሉን በላዩ ጠቅጥቀው፣ ከሰው ቁመት የሚረዝመውን እስር በወገባቸው ላይ አጋድመው፣ ገመዱን በደረታቸው አሳልፈው ይቋጥሩታል። ሸክሙ ከተሸካሚዋ ክብደት ብዙም አይተናነስም። ስለዚህ ከመሬት ተቀምጣ ያረፈች ሴት ያለ ረዳት ልትነሣ አትችልም፤ በመሆኑም ማረፊያቸው የታወቀ ነበር፤ መንገዱ ጉብታውን ቈርጦ ባለፈበት፣ ደረጃው በወገብ ልክ በሆነበት ስፍራ ጀርባቸውን አስጠግተው ሸክሙን በአፈሩ ላይ ያሳርፋሉ፤ ትንፋሻቸው ሲመለስ ሳይቀመጡ ይነሣሉ። ጉብታው በየቀኑ በሚታከከው እስር ብዛት ይለሰልሳል።

ጭነታቸውም ከክብደቱ የባሰ ፈተና ነበረበት። ጫካው የመንግሥት ወይም የባለቤት ስለሆነ የደን ጠባቂ ያገኛቸው እንደ ሆነ ሸክማቸውን ይቀማል፣ ገመዳቸውን ይወስዳል፣ ከዚያም የከፋ በደል የሚደርስባቸው ነበሩ። በዚህ ሁሉ አልፈው ያወረዱት ቅጠል ለምጣድ ማሟሻና ለእንጀራ መጋገሪያ ተሽጦ የዕለት ጉርስ ሆነ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከእነርሱ አንዳንዶቹ በማኅበር ተደራጅተው ሸክሙን ትተው ሽመናን ሙያ አደረጉ፤ ኤሌክትሪክ ምጣድም በየቤቱ ሲገባ ገበያው ቀነሰ፤ ፓርኩ ሲከለልም መንገዶቹ ብዙዎቹ ተዘጉ ወይም የብስክሌትና የእግር ጉዞ መሄጃ ሆኑ። ዛሬ ለጤናው ብሎ በዚያ መንገድ የሚሮጥ ወጣት፣ መንገዱን የደመደመው የማን እግር እንደ ሆነ የሚያውቅበት ምንም ምልክት የለም።

ከዚህ ሁሉ ርቆ ዝምታን ብቻ ለሚፈልግ ሰው ሁለት ስፍራ ልጠቁም። አንደኛው የአገር በቀል ዛፍ እንደገና የተተከለበት ክፍል ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ቅርስ ለመጠበቅ የቆሙ ሰዎች ባሕር ዛፉን እያነሡ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ማስተከል ጀምረው ስለ ነበር፣ እነዚያ ችግኞች ዛሬ ጥላ ሆነዋል፤ ከሥራቸው ቀጋና ጦስኝ ተመልሷል፤ የሚዘምር ወፍም ከባሕር ዛፉ ይልቅ እዚህ ይበዛል። ሌላው የተራራው ጫፍ ራሱ ነው። በተረተሩ ላይ የወረደ ዝናብ በደቡቡ ጎን ከሆነ በቀበናና በሌሎቹ ወንዞች ከተማውን አቋርጦ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄድና በአፋር በረሃ ይቀራል፤ በሰሜኑ ጎን የወረደው ግን በሱሉልታ ሜዳ አልፎ ዐባይን ይቀላቀላል፣ ሜድትራንያንም ይደርሳል። በአንድ ሰው ሁለት ትከሻ ላይ የወረደው ጠብታ አንዱ በረሃ፣ አንዱ ባሕር ሊገባ ይችላል ማለት ነው። ኢልግ የእንጦጦን ምንጭ በቧንቧ ስቦ ወደ ታላቁ ግቢ ያስገባው፣ ውሃው ከሸለቆው ወደ ጉብታው ሽቅብ ሲወጣ ያየውን ሕዝብ ያስደነቀው፣ ከዚሁ ከደቡቡ ጎን ነው።

ስለ ውሃ ከተነሣ ጸበሉን ዝም ማለት አይገባም። የእንጦጦ ጸበል ከጥንት ጀምሮ በሽተኛ የሚጠመቅበት ሲሆን፣ በ1990ዎቹ ዓመታት ኤች አይ ቪ ቤቱን ያፈረሰበት፣ ዘመድ የሸሸው ሰው ከየክፍለ ሀገሩ እየመጣ በዚያ ተሰበሰበ፤ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ትንንሽ ቤት ተከራይቶ፣ በሌሊት ብርድ እየተጠመቀ፣ ብዙው እዚያው ተቀበረ። መድኃኒቱ በመጣ ጊዜ መድኃኒት የጀመረ ጸበል አይጠመቅ፣ ጸበል የያዘ መድኃኒት ይተው የሚል ክርክር ተነሥቶ ሰው ሲጎዳ፣ ሁለቱ እንደማይጣሉ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በአደባባይ አስተማሩ፤ በዚህም ከሞት የተረፈው ቀላል አይደለም። በጫካው ጫፍ ያሉትን ጭቃ ቤቶች አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ መንገደኛ የዚያን ዘመን አበሳ ረግጦ ማለፉን አያውቅም።

የመናፈሻው አስተዳዳሪዎች ለፈረሱ፣ ለብስክሌቱና ለምግብ ቤቱ ብዙ ደክመዋል፤ ለቤተ መንግሥቱም ተገቢው ጥንቃቄ ተደርጓል። አንድ ነገር ግን እለምናቸዋለሁ። ወደ ሽሮ ሜዳ ከሚወርዱት አሮጌ መንገዶች አንዱን መርጠው፣ ሴቶቹ ሸክም ያሳርፉባቸው የነበሩትን ጉብታዎች ሳይደለድሉ እንዳሉ ጠብቀው፣ መንገዱ የእንጨት ለቃሚዎች መንገድ መሆኑን የሚናገር ድንጋይ ያቁሙበት። ይህንንም ሲያደርጉ በሽሮ ሜዳና በጉለሌ በሕይወት ያሉትን አሮጊቶች አስቀድመው ይጠይቁ፤ የትኛው ጉብታ የትኛው እንደ ነበር የሚያውቁት እነርሱ ብቻ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ገፍቷል።